ከየሺ አንገት የቆረጥኩት ክር

ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ጋሽ ሰይድ ጠጉር ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት መቀስ የሚያስጨብጡኝ መስሎኝ ነበር። መጥረጊያ ሰጡኝ። እስከ ቀትር የሰው ጠጉር ስጠርግ ዋልኩ። ከምሳ በኋላ ከወንበሩ አጠገብ ቆሜ እጃቸውን ብቻ እንድመለከት አዘዙኝ። የተቀመጠው ደንበኛ ለገበያ የወጣ ገበሬ ነው። ጋሽ ሰይድ ማጅራቱን በምላጭ ከመንካታቸው በፊት አንገቱ ላይ ያለውን ጥቁር ማተብ በሁለት ጣታቸው ብድግ አድርገው ወደ ጆሮው አስጠጉ፤ ከሥሩ ላጩና መልሰው ወደ ቦታው አወረዱት።

"አየህ?" አሉኝ።

"አየሁ ጋሼ።"

"ምን አየህ?"

"ሲላጩ።"

"አላየህም። ነገም ቆመህ ታያለህ።"

በሦስተኛው ቀን ገባኝ። የዚያን ቀን የተቀመጠው ሰው አንገት ላይ በቆዳ የተሰፋ ሂርዝ፣ የሙስሊሙ ክታብ፣ ነበር። እሱንም እንደዚያው በሁለት ጣት አንስተው ነው የላጩት። ጋሽ ሰይድ ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ደንበኛው ከሁለቱም ወገን ነው። "ሰው ወንበርህ ላይ ሲቀመጥ የሚሰጥህ ጠጉሩን ነው። አንገቱ ላይ ያሰረውን አልሰጠህም" አሉኝ። ከመቀስ አያያዝ በፊት የተማርኩት ይህን ነው።

እናንተ የዛሬዎቹ በኤሌክትሪክ ማሽን ስለምትሠሩ የኛን ነገር ስትሰሙ ትስቁ ይሆናል። በኛ ጊዜ ቶንዶዙን፣ ያን ባለ ሁለት እጀታ መቁረጫ፣ በእጅህ ትጨብጣለህ፣ ትለቃለህ፣ ደግሞ ትጨብጣለህ፤ ሲመሽ ጣትህ እንጀራ መቁረስ ያቅተዋል። ምላጩን በቆዳ ላይ ታሾለዋለህ። የተቆረጠ ቦታ በሸብ ታሻለህ። ኮሎኝ ለሞላለት ብቻ ነው። ማዕረግም ነበረን፤ መጀመሪያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ ላጭ፣ ቀጥሎ ቆራጭ ትሆናለህ፣ በመጨረሻ የራስህን ወንበር ትይዛለህ። እኔ በአራት ዓመት ወንበር ያዝኩ። ፈጣን ነበርኩ። ጋሽ ሰይድ አንድ ሰው እስኪጨርሱ እኔ ሦስት አስነሳለሁ። አቤት ስኮራ!

ደርግ ሲመጣ ጠጉሩን ያጎፈረ ወጣት ሁሉ እየሮጠ መጥቶ "ቶሎ በሉ፣ ቁረጡልኝ" ሲል ያየሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ያን ወጣት የሚያሳድደው ካድሬም እዚያው ተላጭቷል። ጋሽ ሰይድ ለሁሉም "ቀና በል" ከማለት በቀር አፋቸውን አይከፍቱም። እኔንም አፍ መዝጋት ያስተማሩኝ ያኔ ነው። በኋላ ይህ ትምህርት የት እንዳደረሰኝ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ።

ሆጤ ካለው ቤቴ ተነስቼ ሰኞ ገበያ እስክደርስ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተኮለኮለው ገበሬ ነበር። ከአምባሰል፣ ከደላንታ፣ ከየት ከየቱ የመጣ። አንዳንዱ ተቀምጦ ታየዋለህ፤ ስትመለስም እንደዚያው ተቀምጧል፤ ቀረብ ስትል ነፍስ የለውም። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሲወድቅ ተሯሩጠን እናነሳ ነበር። በኋላ ተሻግረን ማለፍ ለመድን። ይህን ስናገር አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

አንድ እሑድ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ምእመኑን አስቀመጡ። የቤተ ክርስቲያኑ የበጎ አድራጎት ማኅበር ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ መጠለያ ከፍቷል። "ዛሬ ገንዘብ አይደለም የምንለምናችሁ። እጃችሁን ነው። ልብስ የምትሰፉ፣ ጉድጓድ የምትቆፍሩ፣ ጠጉር የምትላጩ፣ ማክሰኞ ጠዋት እዚህ በር ላይ እንገናኝ" አሉ። ጠጉር ሲሉ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

ሰኞ ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው። ምላጭ በቆዳ ላይ እያሾሉ ነበር።

"እኔም እመጣለሁ" አሉ።

"ጋሼ፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ነው እኮ።"

"የሚላጨው ራስ ግን የሰው ነው። ደግሞ አንተ ብቻህን ሄደህ የሰው ጆሮ እንዳትቆርጥ" አሉ። ቀልድ ከሳቸው ብርቅ ነበር።

ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ለቤታችን እንሠራለን፤ በሌላው ቀን የማኅበሩ መኪና እህል ይዞ ሲወርድ ጆንያው ላይ ተቀምጠን የሃረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ጋሽ ሰይድ የምላጭ ሳጥናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ኩርባው ሁሉ ላይ "ያ አላህ" ይላሉ።

የመጠለያው ነርስ ሲስተር አልማዝ ትባላለች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም፣ ግን አዛዥ ናት። እጅ እንኳ ሳንነሳ ሥራውን ነገረችን። የመጣው ሰው መዝጋቢው ጋ ስሙን፣ የአባቱን ስምና አገሩን ያስጽፋል፤ ቁጥር ያለው የካርቶን ካርድ ይሰጠዋል። ቀጥሎ እኛ ጋ መጥቶ ይላጫል። ልብሱ በርሜል ውስጥ ይቀቀላል። ገላውን ይታጠባል፣ ዲዲቲ ይነሰነስበታል፣ ብርድ ልብስ ይደርበዋል። ከዚያ በኋላ ነው ገንፎው። ቅማሉ ተስቦና ግርሻ ስለሚያመጣ ሳይላጭ ወደ ድንኳን የሚያልፍ የለም። እንግዲህ አስቡት፤ ገንፎው ከኛ ወዲያ ነው። እኛ በዘገየን ቁጥር ሰው በረሃብ ይጠብቃል። ሰልፉ ላይ ቁጭ እንዳሉ የቀሩ ነበሩ።

ጋሽ ሰይድ መዝገቡን አገላብጠው አዩና ሃይማኖት የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ ጠየቁ።

"አንጠይቅም፣ አንጽፍም" አለች ሲስተር አልማዝ። "ማኅበሩ የቤተ ክርስቲያን ነው። የተራበ ሰው ገንፎ እንዳይቀርበት ብሎ በሃይማኖቱ እንዲዋሽ አንፈልግም።"

"ይህስ ጥሩ ሕግ ነው። አላህ ይስጣችሁ" አሉ ጋሽ ሰይድ። ጥሩ ሕግ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ጥሩ ሕግ ነው እላለሁ።

ቀጥላ ግን "አንገት ላይ ያለውንም ክር ቁረጡና ከጠጉሩ ጋር ይቃጠል" አለች።

ጋሽ ሰይድ ምላጩን አስቀመጡ። "እኔ የሰው ማተብ፣ የሰው ሂርዝ አልቆርጥም።"

ሲስተር አልማዝ አልተቆጣችም። ከፊታችን የቆመ አንድ ሽማግሌ ማተብ በጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ቅጫሙ በቋጠሮው ላይ ተደርድሯል። "ይኸው ጋሼ። ይህ ክር ድንኳን ከገባ ነገ አሥር ሰው በትኩሳት ይቃጠልብኛል።"

ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብለው አዩት። "እሺ፣ ልቁረጠው። ግን ይቀቀልና ለባለቤቱ ይመለስ።"

"ሰልፉን አያዩትም? ማን ይቀቅላል? ማን ይመልሳል?"

"እኔ" አሉ።

እንዲህ አደረጉ። አንድ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ በፍም ላይ ጥደው ውሃ አፈሉ። ሰውየው ሲቀመጥ ክሩን ቆርጠው እዚያ ይጨምሩታል። ጭንቅላቱን ላጭተው ሲጨርሱ ክሩን በሽቦ ያወጡና በካርዱ ቀዳዳ አሳልፈው ያስሩታል። "ውሰድ፣ ያንተው ነው" ይሉታል። ከዚያ ቀጣዩ። የሳቸው ሰልፍ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል።

እኔ ቀጭ አድርጌ ቆርጬ ከጠጉሩ ጋር እጥለዋለሁ፤ ጠጉሩ ተጠርጎ እሳት ይገባል። የኔ ሰልፍ ይበር ነበር። ሲስተር አልማዝ በሳምንቱ ትከሻዬን መታ አድርጋ "አስፋው፣ አንተ ባትኖር ይህ ሰልፍ ይጨርሰን ነበር" አለችኝ። ልቤ አበጠ። ሚስቴ እንኳ ማታ "ምን አግኝተህ ነው እንዲህ ፊትህ የፈካው?" ብላኛለች።

በማግስቱ ሃረጎን ስንወጣ ጋሽ ሰይድ "ዛሬ ስንት ሰው ማተብ አቃጠልክ?" አሉኝ።

"አልቆጠርኩም ጋሼ። ሰዉ ግን ገንፎውን በላ።"

"በላ። የሞተ እንደሆነስ?"

ተናድጄ ደሴ እስክንገባ ፊቴን አዙሬ ተቀመጥኩ። እሳቸው ክር እየቀቀሉ እኔ ሰው እያበላሁ፣ ደግሞ የምወቀሰው እኔ!

የሺ የመጣችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ካርዷ ላይ "የሺ አሊ፣ አምባሰል" ይላል። የሌላ አገር ሰው ይህን ስም ሰምቶ ሙስሊም ናት ይል ይሆናል። ወሎ ውስጥ ግን አባቱ አሊ የሚባል ዲያቆን አለ፣ አባቱ ከበደ የሚባል ሼህ አለ። ስም ምንም አይነግርህም። ፊቷ ላይ የመስቀል ንቅሳትም የለም። ብቻ ረጅም፣ አጥንቷ የቀረ ሴት ናት።

ምላጩን ስታይ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። በኛ አገር ሴት ጠጉሯን የምትላጨው ሲሞትባት ነው።

"ባሌ አልሞተም!" አለች። "ይመር በሕይወት አለ! ለሰፈራ ጫኑት እንጂ አልሞተም! ወላሂ፣ አልላጭም!"

ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ይህን ሲሰሙ አንድ በአንድ ራሳቸውን ያዙ። ባል ያላት በባሏ፣ ልጅ ያላት በልጇ ልታሟርት አትፈልግም። ሰልፉ ቀጥ አለ። ሲስተር አልማዝ ከወዲያ "አስፋው፣ ምንድነው?" ትላለች። እኔ መጀመሪያ ልጮህባት ነበር። ከዚያ እጇን አየሁት፤ ጠጉሯን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል።

ምላጬን አስቀምጬ በርጩማው ላይ ራሴ ተቀመጥኩ። "ጋሼ፣ ይምጡና ይላጩኝ።"

"ምን?"

"ይላጩኝ!" ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። "ሚስቴ ሆጤ ቤቷ ተቀምጣለች። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ደህና ናቸው። ማንም አልሞተብኝም። ይኸው እኔም እላጫለሁ። ይህ የሐዘን አይደለም፣ የቅማል ነው።"

ጋሽ ሰይድ መጥተው አናቴን ላጩት። ሲጨርሱ የሺ አተኩራ አየችኝና "ጆሮህ እንዴት ትልቅ ነው እቴ!" አለች። ከኋላዋ አንዷ ሳቀች። በዚያ መጠለያ ሳቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ መጥታ ተቀመጠች። "ይመር ሲመጣ ትነግርልኛለህ?" አለችኝ። "እንዳላዘንኩበት። ለቅማል እንደሆነ።"

"እነግርልሻለሁ።"

"ማል።"

"በማርያም እነግርልሻለሁ" አልኳት። ላጨኋት። አንገቷ ላይ ክር ነበር፤ ቀጭ አድርጌ ቆርጬ ጣልኩት። ክሩን አላየሁትም፤ እጄ ለምዶ ነው የቆረጠው። ያን ያህል አነጋግሬያት ክሯን አላየሁትም።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ሰይድ መኪናው ላይ እንዳለን መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ግርሻ ነበር። ደሴ ቤታቸው ተኙ፤ እኔ ለሁለታችን እየላጨሁ ብቻዬን እመላለሳለሁ።

የሺ በአምስተኛው ቀን ሞተች። ትኩሳቱ ሲይዛት ማንንም መለየት አቁማ ነበር። ድንኳኗ ውስጥ ከነበሩት ሁለቱ ራሳቸውን አያውቁም፤ የቀሩት ትናንት የገቡ ናቸው።

ሬሳ የሚያወጡልን ሁለት ወገኖች ነበሩ፤ ሁሉም በነጻ የሚያገለግሉ የኮምቦልቻ ሰዎች። ክርስቲያኑን የዕድር ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይወስዱታል፣ ሙስሊሙን የመስጊዱ ጀመዓ ከማዶ ባለው ቀብር ያሳርፉታል። ጋሽ ሰይድ ለላጩት ሰው ጥያቄ የለም፤ ካርዱን ያያሉ፣ ክሩን ያያሉ፣ ያነሳሉ። የየሺ ካርድ ላይ ምንም የለም። ሁለቱም ወገን አጠገቧ ቆመው ተያዩ። ከዚያ አንዱ ወደ እኔ መጣ።

"አንተ ነህ አሉ የላጨሃት። አንገቷ ላይ ምን ነበር?"

ሲስተር አልማዝ ከጎኔ ቆማለች። ሰልፉ ያየኛል። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አላውቅም ብል ግን ክሯን አቃጥያለሁ ማለት ነው፤ የስንቱን ሰው ደግሞ? እሱ ጥያቄ ሊመጣ ነው። "ወላሂ" ማለቷ ትዝ አለኝ። ወሎ ውስጥ ቄሱም ወላሂ ይላል፣ ይህን እኔ አጥቼው ነው?

"ሂርዝ ነበር" አልኩ።

የመስጊዱ ሰዎች ወሰዷት። ሴቶቻቸው አጠቧት፣ ከፈኗት፣ ተሰገደባት። በሥነ ሥርዓት ነው የቀበሯት፣ አላህ ይስጣቸው። ተከትዬ ሄጄ አየሁ፤ ከትልቁ ግራር ሥር፣ ከግንዱ ስትቆጥር ሦስተኛዋ ናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሌሎች ላጮች ተጨምረውልኝ ሳለ፣ ሲስተር አልማዝ ብዙ የቲማቲም ቆርቆሮ ይዛ መጣች። "ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም እንደ ጋሽ ሰይድ ትሠራላችሁ። ቀባሪዎቹ ተቸግረዋል፤ ጥፋቱ የኔ ትእዛዝ ነው" አለች። አለቃ ጥፋቷን በሰው ፊት ስታምን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔም ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ቆርቆሮዬን ተቀብዬ ሥራ ጀመርኩ።

ዓመት አለፈ። ጋሽ ሰይድ ከሕመሙ ድነው እጃቸው ግን መንቀጥቀጡ አልተወውም፤ ምላጭ ዳግም አልያዙም። በየቀኑ ጠጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እኔን ያያሉ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ የሰፈራ ጣቢያ ልብስ የለበሰ ከሲታ ሰው በር ላይ ቆመ። ጥቁር ማተብ አንገቱ ላይ አለ።

"ጆሮው ትልቅ የሆነው ጠጉር ቆራጭ እዚህ ነው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ይመር እባላለሁ። የየሺ ባል ነኝ።"

እጄ ላይ የነበረው መቀስ ወደቀ።

ከሰፈራ አምልጦ በእግሩ ነው የመጣው። በመጠለያው ሲጠይቅ፣ ያን ቀን ሰልፍ ላይ የነበረች አንዲት ሴት የሺ ስሙን እየጠራች ስትጮህ ሰምታ ኖሮ ሁሉን ነግራዋለች፤ ጠጉር ቆራጩ ለየሺ ብሎ ራሱን ማስላጨቱን ሳይቀር። የማልኩትን ነገርኩት። "አላዘነችብህም። በሕይወት አለ እያለች ነው የተላጨችው" አልኩት። ያ ሰው ወለሉ ላይ፣ የተቆረጠው ጠጉር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ተነስቶ ጉልበቴን ሳመ።

"እግዜር ይስጥልኝ አያ አስፋው። ወላጅ የማያደርገውን አደረግህልኝ። አሁን መቃብሯን አሳየኝ። ፍትሐት ላስደርግላት፣ ከበላይዋም መስቀል ላቁም።"

ጋሽ ሰይድ ከአግዳሚው ቀና ብለው አዩኝ። ነገሩን ለሳቸው ብቻ ነግሬያቸው ነበር።

ሃረጎን አብረን ወረድን። መንገዱን ሙሉ አሁን እነግረዋለሁ፣ አሁን እነግረዋለሁ እላለሁ። እሱ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ይመርቀኛል፤ ልጆችህ ይደጉልህ፣ እጅህ ይባረክ፣ ያንተም ቀባሪ አይጥፋ ይለኛል። ኮምቦልቻ ስንደርስ እግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሰደኝ። በዚያ ዓመት የተቀበሩት ስም የላቸውም፤ ሲስተር አልማዝ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች፣ ቀባሪዎቹም ከብዛቱ የተነሳ ማንን የት እንዳሳረፉ አያስታውሱም። ወደ አንዱ የአፈር ጉብታ ጠቆምኩ።

"ይኸውልህ" አልኩት።

ይመር አምባሰል አልተመለሰም፤ ቀበሌው ይዞ መልሶ እንዳይጭነው ፈርቷል። ኮምቦልቻ የቀን ሥራ ያዘ። ሥራ በሌለው ቀን ማኅበሩ መጋዘን ሄዶ ያለ ክፍያ ጆንያ ይሸከማል። "የሺን በወግ ለቀበሩልኝ ነው፣ ሌላ የምከፍለው የለኝም" ይላል። ለሬሳም ጉድጓድ የሚቆፍረው እሱ ነው። ጉብታውን በድንጋይ ከበበው፤ አንድ ጽድ ተክሎ ውሃ ከቦርከና እየቀዳ አሳደገው። በዓመት በዓመት በሙት ዓመቷ ዕለት አንድ ቁና ማሽላ ተሸክሞ ደሴ ይመጣና አግዳሚው ላይ ያኖርልኛል። እምቢ ስለው ደግሞ ያለቅሳል። ያን ማሽላ ሚስቴ ፈጭታ ልጆቼ በልተዋል፤ እኔ ቀምሼው አላውቅም።

"ንገረው" ይሉኛል ጋሽ ሰይድ፣ ሰውየው ከወጣ በኋላ። "መቃብሯን ታውቀዋለህ። ሦስተኛዋ ናት አላልክም? እኔ ሼሆቹን አናግራለሁ፣ አንተ ቄሶቹን። ይነጋገራሉ፣ እነሱ መላ አያጡም።"

"እነግረዋለሁ ጋሼ።"

"መቼ? እጄን ታየዋለህ፤ እኔ ብዙ አልቆይም። ልንገረው እኔ?"

"አይ፣ እኔ ነኝ የምነግረው።"

ጋሽ ሰይድ ሞቱ። ሳልነግረው ሞቱ። የሳቸውን መቃብር አፈር ሲመልስ የዋለው ይመር ነው፤ "የአያ አስፋው ጌታ ናቸው" ብሎ።

ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ይመር ደረቱን ታመመ። መጠለያው ተዘግቶ ማኅበሩ ትንሽ የሕሙማን ቤት ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እዚያ ተኛ። ምላጬንና ሳሙናዬን ይዤ ሄድኩ። ጢሙን ስላጨው ማተቡን በሁለት ጣቴ ብድግ አድርጌ ወደ ጆሮው አስጠጋሁና ከሥሩ ላጨሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል።

"አያ አስፋው።"

"አቤት።"

"ለቄሱ ተናግሬያለሁ። ከየሺ ጎን ነው የምቀበረው። ጽዱ ሥር።"

"ይመር" አልኩ።

"እ?"

ማተቡ ገና በጣቴ ላይ ነው። አፌን ከፈትኩ። ያ ሰው እንዲያ ደስ ብሎት ተኝቶ፣ አምስት ዓመት ሙሉ የኮተኮተው አፈር የሌላ ሰው ነው ልበለው? ለሱ አዝኜ ነው ዝም ያልኩት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው። ለራሴ አዝኜ ነው። ጉልበቴን የሳመ ሰው ዞሮ በዚያ ዓይን እንዲያየኝ ስላልፈለግሁ ነው።

"ቀና በል፣ አገጭህ ቀርቷል" አልኩት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ፣ ስጨርስ።

በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። የመቃብሩን ጉድጓድ እኔ ራሴ ቆፍሬያለሁ። ጎኑን ስቆፍር የዚያኛው ሰው አጥንት ብቅ አለ፤ ወንድ ይሁን ሴት እንጃ። ቄሱ ዘወር ብለው "ታድለዋል፣ ባልና ሚስት ተገናኙ" አሉ። ሰዉ "አሜን" አለ። እኔም አሜን አልኩ።

ከዚያ ብቻዬን ወደ ማዶው ቀብር ሄድኩ። ግራሩ አለ። ሦስተኛዋ ላይ ሣር በቅሏል። ከጽዱ እዚያ ድረስ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ቆሜ "ነግሬልሻለሁ፣ እንዳላዘንሽበት ነግሬዋለሁ" አልኳት።

ዛሬ ወንበሬን ለቅቄአለሁ። ሙያውን ለምትይዙት የምለው ሦስት ነገር ነው። የሰው አንገት ላይ ያለውን ካልታዘዛችሁ አትንኩ። መቁረጥ ግድ ከሆነ መልሳችሁ እሰሩለት። ስትጠየቁም የማታውቁትን አላውቅም በሉ። በዚያ መጠለያ እኔ የላጨሁት ሰው ቁጥር ጋሽ ሰይድ ከላጩት በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ከሳቸው ሰዎች የሞተው ግን ሁሉም በየወገኑ መቃብር አርፏል።